«የወንዜ ልጅ» ስንል የየትኛውን ዳር ልጅ ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል። ሥራ ላይ ያላችሁ አስቀምጡትና ለእረፍት ሰዓት አንብቡት። እኔ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው፤ የኤርፖርት ተራ ደግሞ ለሚያውቀው መጽሐፍ ያስጽፋል።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ዓባይ ያልተናገረ ሐበሻ የለም። ሜጋ ዋቱ፣ ግብፅ ያለችው፣ ሱዳን ያለችው፣ አሜሪካ ያለችው። ይገባል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ታክሲ እየነዳን፣ ሆቴል እያጸዳን፣ ፓርኪንግ እየሠራን ቦንድ የገዛን ሰዎች ነንና ደስታው የእኛም ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስለ ዓባይ ስናወራ ውሃው ስለሚሄድበት አገር ሁሉ እናወራለን፤ ውሃውን ስለሚሻገረው ሰው ግን ትንፍሽ አንልም። ዓባይን በርዝመቱ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በወርዱ የሚያውቁት ዳርና ዳሩ ላይ የሚያርሱት ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ ስለ እነሱ ልጻፍ። መጨረሻ ላይ ስለ እኛና ስለ ማኅበሮቻችን የምለው አለኝ፤ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቀይም አይቀርም፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በሦስት በኩል አቅፎ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ካርታ ላይ ስታዩት ጎጃም በውሃ የታጠረ ግቢ ይመስላል። ከጎንደር በኩል፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ የሚለየው ይኸው ወንዝ ነው። ላይኛው ደጋ ሜዳ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ይበቅልበታል። አፋፉ ላይ ስትደርሱ መሬቱ ይከፈትና ወደ በረሃው ትወርዳላችሁ። ታች ሙቀት ነው፣ ወባ አለ፣ ማሽላ ይዘራል። አንዳንድ ቦታ ከአፋፉ እስከ ውሃው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ገበሬው የማዶውን ቤት ጭስ በዓይኑ እያየ እዚያ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፣ ይሻገራል፣ ይወጣል። «ማዶ» የሚባለው ቃል ትርጉሙ የሚገባው እዚያ ነው፤ ቅርብም ነው፣ ሩቅም ነው።

ታዲያ ለምን ይሻገራል? ለሁሉም ነገር። ደጋ ያለው ቆላ የለውም፣ ቆላ ያለው ደጋ የለውም፤ ስለዚህ ገበያ ያስፈልጋል። የሚሸጥ በሬ አለ፣ የሚገዛ በሬ አለ። ጋብቻ አለ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልቅሶ፣ ጠበል አለ። በወንፈል የሚያርስ ዘመድ ማዶ አለ። ደም የተቃቡ ሲኖሩ የሚያስታርቁ ሽማግሎች ከማዶ ይጠራሉ። በድሮ ጊዜ ደግሞ ወንዙ የአገረ ገዥዎች ወሰን ስለነበር ከአንዱ ሹም የሸሸ ሰው ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። እንግዲህ ወንዙ ለገዥው ወሰን ነው፣ ለገበሬው የኑሮ መንገድ ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አሻጋገሩስ? በበጋ ውሃው ሲቀንስ በመልካው። ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የዓባይ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ ወራትና ተከትለው በሚመጡት ሳምንታት ነው፣ ያን ጊዜ መንገዱ ይዘጋል። ደፋር ዋናተኛ ካለ በአየር የተነፋ ስልቻ ይዞ ይሞክራል፤ ዕቃ በቆዳ ተጠቅልሎ እየተጎተተ ይሻገራል። አዞ አለ፣ ጎርፍ አለ። ስንቱን ወንዙ በልቶት እንደቀረ የሚያውቀው የየቤቱ ተዝካር ነው።

ይህ መሻገሪያ ግን የድሃ ገበሬ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ በደቡብ ጎጃም ባሶ ላይ፣ ለዓባይ መሻገሪያ ቅርብ ሆኖ ይቆም ነበር። ከማዶ፣ ከጉድሩና ከዚያ ወዲያ ካሉት የኦሮሞ አገሮች፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል። ከዚህ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይሄዳል። ሰውም በባርነት ተሽጦ ተሻግሯል፤ ታሪክ ስናወራ ይህንን መሸፈን አያምርብንም። የሲራራ ነጋዴው ብቻውን አይሻገርም ነበር፤ ዳር ላይ ሰፍሮ ጓደኛ ይጠብቃል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከዚያ በብዛት ሆነው ይገባሉ። «መልካ» የሚለው ቃል እራሱ በአማርኛም በኦሮምኛም የወንዝ መሻገሪያ ነው። አዋሽ ላይ ያለውን መልካ ቁንጥሬን አስቡ፣ በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን። ሁለት ቋንቋ አንድ ቃል የሚጋራው ሁለቱም ተናጋሪዎች አንድ ቦታ ላይ እግራቸውን ስላረጠቡ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ።

በዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 ገደማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ አላታ ላይ አንዱ ተሠራ። ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ልጃቸው አፄ ፋሲል ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ የድልድዩን ጥበብ ግን አላስወጡም። ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ በጎጃም በኩል ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል ወደ እንዳቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእሳቸው ዘመን ሌላ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። የሁለት አገር ገበሬ ለ300 ዓመት ያህል በእሱ ላይ በሬውን ነድቶ፣ ሙሽራውን አጅቦ፣ ሬሳውን ተሸክሞ ተሻገረ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ የድልድዩ መካከል ፈረሰ። ስሙም ከዚያ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰበረው ድልድይ ነው፤ ሰላም ሲመጣ መጨረሻ የሚጠገነውም እሱ ነው። በእኛ ዘመን እንኳ አይተናል፤ በ2021 በሰሜኑ ጦርነት ተከዜ ላይ ያለው ድልድይ ሲሰበር የእርዳታ መኪና መሄጃ አጣ። ሰባሪው ማንም ይሁን ማን፣ ዕዳውን የሚከፍለው ድልድዩን ሲጠቀም የነበረው ሰው ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ንጉሡ ተመለሱ፣ ደርግ መጣ፣ ኢሕአዴግ መጣ። ሰባራው እንደተሰበረ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። ሦስት መንግሥት! ክፍተቱ እኮ ጥቂት ሜትር ነው። ገበሬው ግን ገበያ መሄድ አለበት። ስለዚህ ምን አደረገ መሰላችሁ? ገመድ ዘረጋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወዲህኛው የድልድይ ስባሪ ላይ ሰዎች ይቆማሉ፣ በወዲያኛውም ይቆማሉ። መንገደኛው ገመድ ይታሰርለታል። ወዲህ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁታል፣ ወዲያ ያሉት ይስቡታል። ከሥሩ ዓባይ ይጮሃል። ሳቢው ቢሰንፍ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለቃቂው ቢቸኩል ከድንጋይ ጋር ይላተማል። አንድ ሰው ለመሻገር በሁለቱም ዳር ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ዳር ብቻ የተያዘ ገመድ ከሰቀላ በቀር ለምንም አያገለግልም።

እዚህ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ አሉ። የጎንደር በኩል፣ የዚያ አካባቢ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የጎጃም በኩል ነኝ። አንድ ቀን ቡና ይዘን ስናወራ፣ «እናቴ ሞጣ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር» አሉኝ። «የእኔ እናት ሞጣ ገበያ ቅቤ ትገዛ ነበር» አልኳቸው። ሳቁና፣ «እንግዲያው የበላኸውን ክፈላ!» አሉኝ። ከሳቁ በኋላ የነገሩኝ ግን አያስቅም። እናታቸው የቅቤ ቅሏን አዝላ በዚያ ገመድ ትሻገር ነበር። ከመሻገሯ በፊት መቀነቷን አጥብቃ፣ አማትባ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጋሼ እሷን ሲጠብቁ ዳር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። «ማዶ የሚስቡትን ሰዎች ስማቸውን አላውቅም፤ ግን እናቴን አንድም ቀን አልጣሏትም» አሉኝ። ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ታሪኩ ይቀጥላል። በ2000 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ዓባይ ጽፎ የዚህን የገመድ ሥራ ፎቶ አወጣ። በ2001 ቨርጂኒያ ውስጥ ኬን ፍራንትዝ የሚባል የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ እስኪሠራለት ሲጠብቅ መጽሔቱን ያገላብጣል። ፎቶውን ያያል። «ይህንን እኔ መሥራት እችላለሁ» ብሎ ተነሣ። በ2002 ሰባራው ድልድይ ላይ ብረት ተዘርግቶ ክፍተቱ ተደፈነ፤ ዕቃው ገደሉን የወረደው በአህያና በሰው ትከሻ ነው፣ የአካባቢው ገበሬ ሠርቶበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ጠራረገው። በ2009 ደግሞ በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ፣ ጎርፉ እንዳይደርስበት ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ሰውየው የመሠረተው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮች አሠርቷል። መጀመሪያው ሰባራ ድልድይ ነው። የእኛ ገበሬ ገመድ ለዓለም ድሃ መንደሮች ድልድይ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ ጀግናው ፈረንጁ ነው። ሰውየውን አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ጎበዝ፣ ለአንድ ፎቶ የበቃው ነገር እኮ ከ60 ዓመት በላይ የተሠራ ሥራ ነው! መሐንዲስ የላቸውም፣ በጀት የላቸውም፣ ሪባን የሚቆርጥ ሚኒስትር የላቸውም። በሁለት ዳር ቆመው እርስ በርሳቸው የተማመኑ ገበሬዎች ናቸው። የማኅበረሰብ ታሪክ ማለት ይህ ነው። ስለ ሞጣ ገበሬ የሚጻፍ ከሆነ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው የጎጃም ገበሬ ዋና ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ሞጣ እንደነበረች ይጻፋል፣ መጻፉም ተገቢ ነው። ገመዱ ግን ከአመፁ ባላነሰ ሊጻፍ ይገባዋል። አመፅ ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የማያውቀውን ሰው እናት ማዶ ቆሞ በየገበያው ቀን ሳይጥል የሚስብ ሕዝብ ግን ብዙ አይደለም።

«አንድ የእግረኛ ድልድይ ይህን ያህል ምን ይለውጣል?» የሚል ይኖራል። እኛ ሹፌሮች ይህንን መጠየቅ የለብንም። በ2024 መጋቢት ላይ ባልቲሞር ውስጥ መርከብ ኪ ብሪጅን ገጭቶ ሲጥለው 6 ሠራተኞች ሞቱ፤ አካባቢው ሁሉ ተመሰቃቀለ። በዋሻው ማለፍ የማይፈቀድለት አደገኛ ጭነት የያዘ ትልቅ መኪና ሁሉ ከተማውን እንዲዞር ተገደደ። ስንት ወር ዜና ሆነ፣ ስንት ቢሊዮን ዶላር ተወራ! ያ አማራጭ መንገድ ባለበት አገር ነው። አማራጭ የሌላትን ምጥ የያዛት ሴት አስቡ፤ ጤና ጣቢያው ማዶ ነው፣ ወሩ ሐምሌ ነው።

በጥናትም የተረጋገጠ ነው። ይኸው ድርጅት ኒካራጓ ውስጥ ድልድይ ሲሠራ ብሩክስና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን ድልድይ የተሠራላቸውንና ያልተሠራላቸውን መንደሮች አነጻጽረው በ2020 አሳተሙ። ድልድይ በሌለበት መንደር ጎርፍ በመጣ ሳምንት ሰው ከቀን ሥራ የሚያገኘው ገቢ በ18 በመቶ ይቀንሳል። ድልድይ ሲሠራ ይህ ኪሳራ ይጠፋል። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው፤ ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ገበሬው በእርሻው ላይ የሚያወጣው ገንዘብም ጨመረ። ነገ ገበያ መድረሱን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ማዶ ሄዶ ሥራ ማግኘቱን ያመነ ሰው ዛሬ ማዳበሪያ ለመግዛት አይፈራም። የእኛ አባቶች «ወንዝ የማያሻግር» የሚሉት የማይረባን ነገር ነው። ለካ የነገር ሁሉ መለኪያ እሱ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት በአንድ የተወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስም አልጠራም። አዳራሽ ተከራይተን፣ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ፣ ድምፃዊ መጥቶ፣ የወረዳችን ስም ያለበት ቲሸርት ለብሰን ነው። መጨረሻ ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ ለምን ይዋል ሲባል አንድ ወንድማችን እጁን አወጣና ስለ አንድ የወንዝ መሻገሪያ አነሣ፤ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ክረምት ሳይገባ ብናዋጣ አለ። ወዲያው ከፊት ወንበር መልስ መጣ፦ «ያ ድልድይ የሚጠቅመው የማዶዎቹን ነው። ገበያው እኛ ዘንድ ነው፣ የሚመጡት እነሱ ናቸው። የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ እነሱ ያሠሩት።» ጭብጨባም ነበረ። በኋላ ለማዶዎቹ ማኅበር ሰው ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መሠረቱ በእናንተ በኩል ነው፤ ወረዳችሁ ይጠይቅ።» ገንዘቡ በመጨረሻ ለመግቢያ በር ሐውልት ነገር ተመደበ። ወደ ከተማዋ ስትገቡ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል። ማን ተሻግሮ ሊመጣ እንደሆነ እንጃ!

እዚህ ላይ ነው ከርዕሴ ጋር የምገናኘው። እኛ «የወንዜ ልጅ» እንላለን። እዚህ አገር ሥራ የሚያስገባን፣ ቤት የሚያከራየን፣ ሲሞት የምንቀብረው የወንዛችን ልጅ ነው። ግን ቃሉን እስኪ አጢኑት። «የዳሬ ልጅ» አይልም፣ «የወረዳዬ ልጅ»ም አይልም፤ «የወንዜ ልጅ» ነው የሚለው። ወንዝ ደግሞ ሁለት ዳር አለው። ከአንድ ወንዝ የጠጣ፣ በአንድ መልካ የተሻገረ፣ አንዱ ገበያ ላይ የተገናኘ ሁሉ የወንዝ ልጅ ነው። የጋሼ እናትና የእኔ እናት የወንዝ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ በበጌምድር ሹም፣ አንዷ በጎጃም ሹም ብትተዳደርም። ወንዙን ወሰን ያደረገው ሹሙ ነው። እኛ ከሹም 11,000 ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ግብር የሚያስከፍለን ሳይኖር፣ የሹሙን ካርታ ይዘን አዳራሽ እንከራያለን። ገበሬው ገመድ ይዞ ሁለት ዳር ሲቆም እኛ ባንክ ሒሳብ ይዘን ሁለት ዳር ቆመናል። ልዩነቱ እኛ መሃል ገመድ የለም።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ በኮሜንት ከመምጣታቸው በፊት ልመልስ።

አንደኛ፣ «ድልድይ የመንግሥት ሥራ ነው» ትላላችሁ። ትልቁ ድልድይ አዎ። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተከፈተ። ባሕር ዳር ላይ ያለው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2024 ተመረቀ። ደስ ይላል፣ መኪና ያልፍባቸዋል። የገበሬው መሻገሪያ ግን ከእነዚህ የቀናት መንገድ ይርቃል። መንግሥት ደግሞ ሰባራውን ከ60 ዓመት በላይ ሲያየው ኖሯል፤ ሌላ 60 ዓመት እንጠብቅ ካላችሁ መብታችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ «ሰላም በሌለበት ድልድይ ምን ያደርጋል?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አላቃልለውም። አገር ቤት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ የማንጨነቅ የለንም። ግን ሰባራ ድልድይን አስታውሱ። ጦርነቱ አምስት ዓመት ነበር፤ ስብራቱ ከ60 በላይ። ሰላም እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰላም በመጣ ማግስት እጃችን ባዶ እንዳይሆን ገንዘቡንና ስምምነቱን አሁን እናዘጋጅ። ደግሞም ማዶና ማዶ አብረው የሚጠብቁት ነገር ያላቸው ሰዎች ለመጣላት ሁለት ጊዜ ያስባሉ። ይህ የእኔ እምነት ነው፤ ያልተስማማ ይሞግተኝ።

ሦስተኛ፣ «ገንዘቡ ይበላል።» ሊበላ ይችላል። ለዚህ ነው አዲስ እንሥራ ከማለት በፊት ያለውን እንጠብቅ የምለው። የተንጠለጠለ ድልድይ እንደ መኪና ነው። ብሎኑ ይላላል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የሚረገጠው ሳንቃ ይበሰብሳል፣ ኬብሉ የታሰረበት መሠረት በጎርፍ ይሸረሸራል። ዘይት ሳንቀይር ስንት ማይል እንነዳለን? በሺህ የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮች ያሏት ኔፓል ያደረገችውን ብንመለከት፣ ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ጉልበቱን አዋጥቶ ያሠራል፤ ሲያልቅም ይጠብቀዋል። የእኛ ገበሬ ይህንን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ዕድርና ዕቁብ ያለው፣ ገመድ የጠበቀ ሕዝብ ነው። የጎደለው ሳንቃና ብሎን ነው፤ ያ ደግሞ እዚህ ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ ከምናወጣው ያነሰ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው።

1. ወንዝ የሚጋሩ ማኅበሮች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰብሰቡ። ስማቸውን አይተዉ፣ ቲሸርታቸውን አይጣሉ። አንድ የጋራ የመሻገሪያ ሒሳብ ብቻ ይክፈቱ፤ ፈራሚዎቹ ከሁለቱም ዳር ይሁኑ። በአንድ ዳር ፊርማ ገንዘብ አይውጣ። ይህ የገመዱ ሕግ ነው።

2. መጀመሪያ ያሉትን መሻገሪያዎች እንቁጠር። የትኛው ሳንቃ ጎድሎታል? የትኛው ክረምት ላይ ይዘጋል? አገር ቤት ስልክ የሚይዝ ዘመድ ያለው ሁሉ ፎቶ ማስላክ ይችላል። አንድ ፎቶ ምን እንደሚሠራ አይታችኋል።

3. ሽማግሎቻችሁን ቅረጹ። እናት አባት በሕይወት ያለላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉና «ድሮ ወንዙን እንዴት ነበር የምትሻገሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ፖለቲካ ጠይቃችኋቸው የማያወሩ ሰዎች ስለ ወንዝ ሲጠየቁ ሰዓት ይበላሉ። የዚህ ሕዝብ ታሪክ ቤተ መዛግብት ውስጥ ብዙ የለም፤ ዓባይን የተሻገሩት ነገሥታት ተጽፈዋል፣ ያሻገሯቸው ዋናተኞች አልተጻፉም። ያለው በእነሱ አፍ ነው። እሱም እየሄደ ነው።

ጋሼ የነገሩኝን ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ። እናታቸውን የሳቡት ሰዎች ስም ጠፍቷል። ምናልባት አንዱ የእኔ አጎት ነው፣ ምናልባት የአንዳችሁ አያት ነው። ማን እንደሆኑ ባናውቅም በየትኛው ዳር እንደቆሙ እናውቃለን፤ በእኛ ዳር ነው የቆሙት፣ የሳቡት ግን የማዶዋን ሴት ነው።

እስኪ ከሥር የወንዛችሁን ስምና የምትሻገሩበትን መልካ ጻፉልኝ፤ ዓባይም ይሁን በሽሎ፣ ጀማም ይሁን ዴዴሳ፣ ተከዜም ይሁን ኦሞ። ከዚያ የማዶውን ልጅ ታግ አድርጉት። ካላወቃችሁት ፈልጉት፤ ይኖራል፣ ምናልባት እዚሁ ሰልፍ ላይ ከኋላችሁ ቆሟል።

መልካም የሥራ ሳምንት ለሁላችሁ። ቸር ያሰማን።